ግልጽ ደብዳቤ፦ በንብረት ግምት ሪፖርት ላይ ስለሚለጠፉ ፎቶግራፎች

ለከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በግምት ሪፖርት ውስጥ የሚገባ ፎቶግራፍ ማን እንዳነሣው፣ ምንጩና የተነሣበት ቀን እንዲገለጽ ስለመጠየቅ

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. የሪል ስቴት ልማትንና የማይንቀሳቀስ ንብረት ግመታን የሚመለከተውን አዋጅ ማጽደቁ፣ በሐዋሳ ከተማ በግመታ ሥራ ለምተዳደር ለእኔ ቢጤ ባለሙያ መልካም ዜና ነበር። በዚያው ዓመት የንብረት ታክስ አዋጅም ስለጸደቀ፣ የአንድ ቤት ግምት ከእንግዲህ የባንክና የተበዳሪ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለአፈጻጸም በሚወጡ መመሪያዎች ውስጥ ትንሽ መስሎ ሊታለፍ ስለሚችል አንድ ጉዳይ ነው፤ እርሱም ገማቹ ከሪፖርቱ ጋር የሚያያይዘው ፎቶ ከየት መጣ የሚለው ነው።

ዛሬ በከተማችን ለሽያጭ የቀረበን ቤት ፎቶ በደላሎች የቴሌግራም ቻናል ማግኘት ከባድ አይደለም። ሥራ የበዛበት ገማች ታዲያ ከዚያው አውርዶ ሪፖርቱ ላይ ቢለጥፍ የሚከለክለው ነገር የለም። በእጄ ከገቡት ሪፖርቶች መካከል ሁለቱ ለተለያዩ ይዞታዎች የተዘጋጁ ሆነው ሳለ የሳሎናቸው ፎቶ ግን አንድ ነበር፤ ያው ቡናማ መጋረጃ፣ ያው በግራ በኩል የቆመ ቡፌ። የቻናሉ ስም የተጻፈበት የታችኛው ጠርዝ ተቆርጦ የጥቂት ፊደላት ጫፍ ብቻ ቀርቷል።

ደላላ ፎቶ የሚያነሣው ለመሸጥ ነው፤ እንጀራው ስለሆነ አልወቅሰውም። ጠባቡ ሳሎን በሰፊ ሌንስ አዳራሽ ይመስላል፤ ሰርቪሱ፣ የመጸዳጃው ጉድጓድና የጎረቤት አጥር ግን አይታዩም። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የሌለው ሐይቅ ነው፤ በሐይቁ ዙሪያ ባሉ ዝቅተኛ ሰፈሮች ውስጥ ግድግዳው ከመሠረቱ በላይ እርጥበት ስቦ ቀለሙ የተላጠ፣ ልስኑም ነጭ ጨው ያወጣ ቤት ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። የሽያጩ ፎቶ ግን ከሶፋው መደገፊያ በላይ ይጀምራል። ገማቹ ራሱ ሄዶ ቢያነሣ ሶፋውን ፈቀቅ አስደርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ችግሩ ካለበት ከግድግዳው ግርጌ ይጀምር ነበር። ስለዚህ የሚገመተውን ቤት በሚመለከት የሌላ ሰው ፎቶ ፈጽሞ መፈቀድ የለበትም፤ ባለቤቱ በስልኩ የላከውም ቢሆን።

ይሁን እንጂ የደላላ ፎቶ ከሪፖርት ሁሉ ይታገድ የሚሉ የሙያ ባልደረቦቼን ሐሳብ አልደግፍም። በባንኮቻችን ለረጅም ጊዜ የተለመደው ግምት በግንባታ ወጪ ስሌት ላይ ያተኮረ ነበር፤ በገበያ ዋጋ ለመገመት ግን በቅርቡ የተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶችን ማነጻጸር ግድ ይላል። በታቦር ክፍለ ከተማ ወለሉ ሊሾ፣ ጣሪያው ያለ ኮርኒስ ሆኖ የተሸጠን ቤት እናስብ። ገዥው በጥቂት ወራት ውስጥ ሴራሚክ ያነጥፍበታል፣ ጂብሰም ያሠራዋል፣ በሩን ይለውጠዋል። ዘግይቶ የደረሰ ገማች ያነሣው ፎቶ እውነተኛ ቢሆንም የሚያሳየው ያ ዋጋ የተከፈለበትን ቤት አይደለም፤ ቤቱ በሽያጩ ጊዜ ምን ይመስል እንደነበር የሚመሰክረው ያ የተናቀው የደላላ ፎቶ ነው።

ሌሎች አገሮች ይህን ጥያቄ እንዴት እንደፈቱት ማየት ይጠቅማል። የአሜሪካ የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት፣ የፌዴራል ዋስትና ለሚሰጣቸው የቤት ብድሮች በሚሠራበት 4000.1 በተባለው የመመሪያ መጽሐፉ፣ ለማነጻጸሪያ የቀረበ ቤት በሽያጩ ጊዜ የነበረውን ሁኔታ ለማሳየት የሽያጭ ማስታወቂያ ፎቶ መጠቀምን ይፈቅዳል፤ ገማቹ ግን ራሱ ያነሣውንም ጨምሮ እንዲያያይዝ ያዝዝ ነበር። የመጀመሪያው ስለ ቤቱ፣ ሁለተኛው ገማቹ ቦታው ድረስ ስለመሄዱ ማስረጃ ናቸው። ለእኛም የሚሻለው ይኸው ይመስለኛል።

የማመለክተውም የሚከተለውን ነው። የሚገመተው ቤት ከውጭም ከውስጥም በገማቹ ብቻ ይነሣ። ለማነጻጸሪያ የቀረበ ቤት ፎቶ ቢያንስ ከመንገድ ላይ በገማቹ ይነሣ፤ የማስታወቂያ ፎቶ ከተጨመረም ከሥሩ ከየት እንደተወሰደና መቼ እንደተለጠፈ ይጻፍ። ፎቶግራፍ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ የተሰጠው ሥራ በመሆኑ፣ የሰው ምልክት ቆርጦ እንደ ራስ ሥራ ማቅረብ ከግመታም ውጭ የሚያስጠይቅ ነገር ነው። የገማቹ ፎቶዎች ደግሞ በመጀመሪያ ፋይላቸው ይቀመጡ። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ምስል የተነሣበትን ሰዓትና ቦታ የሚይዘው መረጃ ስለሚጠፋበት፣ ወረቀት ላይ የታተመው ብቻ ለኋላ ማጣሪያ አይበቃም።

ይህ ጊዜና ወጪ እንደሚጨምር አውቃለሁ፤ ክፍያውም ይህን ታሳቢ ማድረግ ይኖርበታል። ከወጪው ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን በሰው በር ላይ ካሜራ ማውጣት በሰፈር ውስጥ የሚያስነሣው ጥርጣሬ ነው። ዘበኛው ይቆጣል፣ የቀበሌ ሰላም አስከባሪ ይጠራል፤ ለማነጻጸሪያ የቀረበው ቤት ባለቤትም ቤቱን ገዝቶ የጨረሰ ሰው ስለሆነ ለእኛ በር የሚከፍትበት ምክንያት የለውም። ገማቹን በግዴታው ብቻ አስሮ መላክ ወደ ቴሌግራም መልሶ መግፋት ስለሚሆን፣ ፈቃድ ላገኙ ገማቾች ፎቶ ማንሣት የሚፈቀድላቸውን ወሰን የሚገልጽ፣ የክፍለ ከተማና የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶችም የሚያውቁት መታወቂያ ሚኒስቴሩ እንዲያዘጋጅ እጠይቃለሁ። መመሪያው ለውይይት በሚቀርብበት ጊዜም በክልል ከተሞች የምንሠራ ገማቾች እንድንጠራ በአክብሮት አመለክታለሁ።

ከሠላምታ ጋር
በሐዋሳ ከተማ የሚሠራ የንብረት ገማች