የክርን ሕመምና የተጣደፈ መርፌ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከሁለት ሳምንት በፊት በጤና ዓምዳችሁ «ቴኒስ ኤልቦ» ስለሚባለው የክርን ሕመም ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ የሕመሙን ምልክቶች በሚገባ ገልጿል፤ ሕክምናውን በተመለከተ ግን «ዕረፍት፣ ማስታገሻ፣ ካልተሻለም መርፌ» ብሎ ማለፉ በእጃቸው ሠርተው የሚያድሩ ሰዎችን ወደማይበጅ መንገድ ይመራል ብዬ ስለሰጋሁ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ። ሐኪም አይደለሁም። በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ ለሃያ አራት ዓመት የእንጨት ሥራ ያስተማርሁ፣ ከዚያም ጎን ለጎን በር፣ መስኮትና ቁም ሣጥን እየሠራሁ ልጆቼን ያሳደግሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ሕመም የማውቀው በራሴ ቀኝ ክንድ ላይ ስለደረሰ፣ ከደረሰም በኋላ ያገኘሁትን ሁሉ ስላነበብሁና ያከሙኝን ባለሙያዎች በጥያቄ ስላሰለቸሁ ነው።

ስሙ ራሱ አሳሳች ነው። የቴኒስ ራኬት በእጄ ነክቼ አላውቅም፤ በዚህ ሕመም ከሚያዙት ሰዎች አብዛኞቹም እንዲሁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1873 ሕመሙን በጽሑፍ የገለጸው ሩንገ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ያተኮረው ብዕር ይዘው ሲጽፉ በሚውሉ ሰዎች ላይ ነበር፤ የቴኒስ ስም የተለጠፈበት ከዐሥር ዓመት ያህል በኋላ በእንግሊዝ አገር ነው። ስሙን የማውጣቱ ዕድል ለእኛ ቢሰጠን ኖሮ «የአክንባሎ ክርን» እንለው ነበር ብዬ አስባለሁ፤ መዳፍን ወደ ታች አድርጎ ከባድ ክዳን በቀን አርባና ሃምሳ ጊዜ ማንሣት፣ የራሰ ብርድ ልብስ በእጅ መጭመቅ፣ ቡና መውቀጥና ጄሪካን ማንጠልጠል ይህንኑ ጅማት ከቴኒስ ባላነሰ ያደክሙታልና። ከአዋቂዎች መካከል በየዓመቱ ከመቶ አንድ እስከ ሦስት የሚሆኑትን እንደሚይዝ፣ በተለይም ከ35 እስከ 54 ዓመት ባሉት ላይ እንደሚበረታ ይነገራል፤ ይህም ሰው ቤተሰቡን ተሸክሞ የሚሠራበት ዕድሜ ነው።

ሕመሙ የሚሰማው በክርን ውጫዊ ጎን ጎላ ብላ በምትዳሰሰው አጥንት ላይ ነው። የእጅ አንጓን ወደ ኋላ የሚያቀኑትና ጣትን የሚዘረጉት ጡንቻዎች በጅማት አማካይነት የሚጣበቁት በዚያች ጠባብ ስፍራ ነው። ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ አንድን ዕቃ ጠበቅ አድርገን በጨበጥን ቁጥር አንጓችን እንዳይታጠፍ ደግፈው የሚይዙት እነዚሁ ጡንቻዎች መሆናቸውን ነው፤ መዶሻ የጨበጠን ሰው ከመዳፉ ይልቅ ክርኑን የሚያመውም ለዚህ ነው። ሐኪሞችም ቢሆኑ ለረጅም ዘመን ጅማቱ ተቆጥቷል፣ ስለዚህም ቁጣውን ማብረድ ይበቃል ብለው ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ኒርሽልና ፔትሮን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች ባሳተሙት ጥናት ግን፣ በቀዶ ሕክምና የወጣው ጅማት በማይክሮስኮፕ ሲታይ የቁጣ ምልክት እንዳልታየበት፣ ይልቁንም ክሮቹ ሥርዓታቸውን አጥተው፣ ለመጠገን ተጀምሮ ያልተጠናቀቀ ሥራ መስለው እንደተገኙ አስረዱ። በእኔ ሙያ ቋንቋ ብናገር፣ ችግሩ የላላ መገጣጠሚያ ነው፤ በላላ መገጣጠሚያ ላይ ደግሞ ቫርኒሽ ቢደረብበት ለዓይን ያምራል እንጂ ወንበሩን ሰው አይቀመጥበትም።

እኔን የጀመረኝ አንድ የወጥ ቤት ቁም ሣጥን ለማስረከብ ስቸኩል ነው። ድሪሉ ተበላሽቶብኝ ስለነበር ለአራት ቀን ብሎኖቹን ሁሉ በካቻቪቴ አሰርሁ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት የቡና ሲኒ ከረከቦት ላይ ሳነሣ ክርኔ ላይ በምስማር የተወጋሁ ያህል ተሰማኝ፤ ሲኒውም ከእጄ አመለጠ። ቁልፍ ማዞር፣ ሰው መጨበጥ፣ ወንበር በመደገፊያው ይዞ ማንሣት አቃተኝ። ለሦስት ሳምንት ክንዴን በሻሽ አንጠልጥዬ አረፍሁ፤ ሕመሙ ቀነሰ፣ መላጊያ በያዝሁ ማግሥት ግን እንደ ነበረ ተመለሰ። ወጌሻ ዘንድም ሄጃለሁ። ስብራትና ውልቃት ላይ ብዙ ሰው ያዳኑ አዛውንት ናቸው፤ ቅቤ ቀብተው ሲያሹኝ ክንዴ ለሁለት ቀን ላላ፣ ሦስተኛ ጊዜ ያመመውን ቦታ በአውራ ጣታቸው ጠንክረው ሲጫኑት ግን ብሶብኝ ተመለስሁ። እርሳቸውም ኋላ «ይህ ውልቃት አይደለም ልጄ፣ የእኔ ሥራ አይደለም» ብለው በቅንነት አሰናበቱኝ።

ቀጥሎ የገባሁበት ክሊኒክ ግን እንደ ወጌሻው ቅን አልሆነልኝም። ሐኪሙ ክርኔን ለአንድ ደቂቃ ያህል ከዳሰሰ በኋላ ኮርቲዞን የተባለውን ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት ወጋኝና «አለቀ» አለኝ። በሳምንቱ ሕመሙ ድራሹ ጠፋ፤ ያንን ሐኪም ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ እያመሰገንሁ አወራሁለት፣ የቀረብኝንም ሥራ ለማካካስ ሌሊት ጭምር ሠራሁ። በሦስተኛው ወር ሕመሙ ከፊተኛው በርትቶ ተመለሰ። በተወጋሁበት ቦታ ላይም ቆዳዬ የሃምሳ ሳንቲም ያህል ስፋት ነጥቶና ጎድጎድ ብሎ ቀረ፤ ጎረቤቶቼ «ለምጽ ነው እንዴ?» እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር። መድኃኒቱ ከቆዳ ሥር ያለውን ስብ ሊያሳሳና በተለይ ጠቆር ያለን ቆዳ ሊያነጣ እንደሚችል፣ የስኳር ሕመምተኛ ከሆኑም ለጥቂት ቀናት ስኳርን ከፍ እንደሚያደርግ ያወቅሁት ከተወጋሁ በኋላ ነው። ቅሬታዬ በመወጋቴ ብቻ አይደለም፤ ይህ ሁሉ አስቀድሞ ሳይነገረኝ በመወጋቴ ነው።

የደረሰብኝ የእኔ ብቻ ዕጣ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ አንድ የኔዘርላንድ ጥናት 185 ሕሙማን በሦስት ተከፍለው ነበር። በስድስተኛው ሳምንት መርፌ ከተወጉት 92 በመቶ፣ ፊዚዮቴራፒ (በማሸትና በእንቅስቃሴ የሚሰጥ ሕክምና) ከተደረገላቸው 47 በመቶ፣ ምክር ብቻ ተሰጥቷቸው እንዲጠብቁ ከተደረጉት ደግሞ 32 በመቶ ተሽሏቸው ተገኘ። ጥናቱ እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ መርፌው አሸነፈ ይባል ነበር። ዓመት ሲሞላ ግን ቁጥሩ ተገለበጠ፤ የተወጉት 69 በመቶ ሲሆኑ ፊዚዮቴራፒ የተደረገላቸው 91፣ ዝም ብለው የጠበቁት እንኳ 83 በመቶ ደረሱ። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመው 165 ሰዎች በተሳተፉበት የአውስትራሊያ ጥናትም፣ ኮርቲዞን ከተወጉት ሕመሙ ያገረሸባቸው 54 በመቶ ሲሆኑ መድኃኒት የሌለው መርፌ ከተወጉት ያገረሸባቸው 12 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ነው «ካልተሻለም መርፌ» የሚለው የጽሑፋችሁ ሐረግ ያላስደሰተኝ። ለሠርግ ወይም ለአስቸኳይ ጉዳይ ለስድስት ሳምንት ብቻ ከሕመሙ መገላገል የሚያስፈልገው ሰው ዋጋውን አውቆ ሊመርጠው ይችላል፤ ሳያውቅ መክፈል የለበትም።

እኔን ወደ ሥራዬ የመለሰኝ አንዲት ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያስተማረችኝ እንቅስቃሴ ነው፤ መሣሪያውም ግማሽ ሊትር የሚይዝ የሃይላንድ ጠርሙስ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ክንዴን ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ፣ መዳፌን ወደ ታች አድርጌ፣ እጄን ከጠረጴዛው ጠርዝ አውጥቼ፣ ውኃ የሞላውን ጠርሙስ አንጓዬን ሳላንቀሳቅስ ለአርባ አምስት ሰከንድ ያህል እይዛለሁ፤ በመካከሉ እያረፍሁ አምስት ጊዜ። ከዚያ በኋላ ጠርሙሱን በግራ እጄ ረዳትነት ወደ ላይ አነሣና በቀኝ እጄ ብቻ እስከ አራት እየቆጠርሁ ቀስ ብዬ አወርደዋለሁ፤ ዐሥራ አምስት ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ሲቀለኝ በአንድ ሊትር ለወጥሁት። በመጨረሻም መዶሻዬን ከእጀታው ጫፍ ይዤ መዳፌን ወደ ላይና ወደ ታች ማገላበጥ ጨመርሁ። ሃያ አራት ዓመት መዶሻ ስይዝ ኖሬ መዶሻን እንደ መድኃኒት የምይዝበት ቀን ይመጣል ብዬ አላሰብሁም ነበር።

ከእንቅስቃሴው ይልቅ ከባድ የሆነብኝ ሕመምን መለካት ነው። ባለሙያዋ «ሕመሙን ከዐሥር ቢለኩት እስከ አራት ድረስ ያለውን አይፍሩት፤ በማግሥቱ ጠዋት ከትናንት ብሶ ካገኙት ግን ክብደቱን ይቀንሱ» አለችኝ። ይህ መመሪያ ሁለቱንም ስሕተቶቼን አረመልኝ፤ ፈርቶ ክንድን ጨርሶ ማንጠልጠል ጅማቱን ይበልጥ ያደክመዋል፣ በጉልበት መሥራትም መልሶ ይጎዳዋል። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ለውጥ ስላላየሁ ላቋርጠው ቃጥቶኝ ነበር። በዐሥራ ሁለተኛው ሳምንት ሲኒውን ያለ ሥጋት አነሣሁ፣ በአምስተኛው ወር መላጊያ ያዝሁ፣ ሙሉ በሙሉ ለመርሳት ግን ዓመት ፈጀብኝ። እስከዚያው ድረስ የካቻቪቴዬን ቀጭን እጀታ በጨርቅ አወፈርሁት፣ ጣውላ ከላይ በመጨበጥ ፈንታ መዳፌን ከሥሩ አስገብቼ ክርኔን ወደ ጎኔ አስጠግቼ ማንሣት ለመድሁ፣ ብሎን ማሰሩን ለድሪል ተውሁት። ከክርን በታች የሚታሰረው ቀበቶ በሥራ ሰዓት ጥቂት ይረዳል፤ የዲክሎፌናክ ቅባትና በረዶም ያስታግሳሉ፤ ከዚህ ያለፈ አልጠበቅሁባቸውም። ቀዶ ሕክምና ከስድስት ወር እስከ ዓመት ያህል ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ላልተሻላቸው ጥቂቶች የሚቀመጥ ነው።

በክርን ውጫዊ ጎን የተሰማ ሕመም ሁሉ ግን ይህ እንዳልሆነ አንባቢያን ሊያውቁ ይገባል። ጣት የሚደነዝዝ ከሆነ ወይም ሕመሙ ከአንገት ወደ ክንድ የሚወርድ ከሆነ መነሻው የአንገት ነርቭ ሊሆን ይችላል፤ ክርኑ አብጦ ከጋለ፣ ትኩሳት ካለ፣ ወይም ከውድቀት በኋላ መዘርጋት ካቃተ ጠርሙሱን አስቀምጦ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ስለዚህ የጤና ዓምድ አዘጋጆች ጉዳዩን ከአንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋር ሆነው እንደገና እንዲመለከቱት፣ እንቅስቃሴውንም ልብስ አጣቢዋም ሆነች እንጀራ ጋጋሪዋ ዓይታ ልትሠራው በምትችል ሥዕል አስደግፈው እንዲያወጡት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ለፎቶግራፍ ካስፈለጋችሁ ጠርሙሱም መዶሻውም በወርክሾፑ መደርደሪያ ላይ አሉ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
የእንጨት ሥራ መምህር፣ ከአዲስ አበባ