በላቦራቶሪዎቻችን ለሄደር ፋይሎች የጋራ ቦታ ይመደብ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦

በደሴና በኮምቦልቻ ስለሚከፈቱ የኮምፒውተር ላቦራቶሪዎች ሲነሳ የሚወራው ስለ ማሽኖቹ ብዛት ነው፤ በውስጣቸው ያለው ሥርዓት እንዴት እንደተደራጀ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። የሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ መምህር እንደመሆኔ፣ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ለሚያነባቸው ሄደር ፋይሎች (ኮዱ የሚጠራቸው ተግባራትና የመረጃ ዓይነቶች ለሚገለጹባቸው ፋይሎች) የጋራ ዳይሬክተሪ (ፎልደር) ስለማዘጋጀት አሳቤን ለማካፈል እወዳለሁ።

ደሴ ውስጥ በማስተምርበት ላቦራቶሪ ተማሪዎች አንድ የሊኑክስ ሰርቨር ይጋራሉ። ተጨማሪ ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የሚገኝ የኮድ ስብስብ) ሲያስፈልግ ግን ሄደሮቹን ከጓደኛ በፍላሽ ገልብጦ በየራስ ፎልደር ማስቀመጥ ተለምዷል። ጉዳቱ የሚታየው ላይብረሪው በአዲስ ስሪት ሲተካ ነው። በአዲሱ ስሪት አንድ ስትራክት (በአንድ ስም የተያዙ የመረጃ መስኮች ስብስብ) መሐል ላይ ተጨማሪ መስክ ገብቶ ከሆነ፣ ኮምፓይለሩ በአሮጌው ሄደር መሠረት ይተረጉማል፤ የተተረጎሙትን ክፍሎች የሚያገናኘው ሊንከርም ስም እንጂ የስትራክት አቀማመጥ ስለማያመሳክር ዝም ብሎ ያልፋል። ከዚያ ፕሮግራሙ ትርጉም የለሽ ቁጥር ያትማል፣ ወይም «ሴግመንቴሽን ፎልት» (ያልተፈቀደለትን የማህደረ ትውስታ ቦታ ነካ) ብሎ ይቆማል። «ቲቸር፣ ኮዴ እኮ ስህተት የለውም» የሚለኝ ተማሪ እውነቱን ነው።

ይህን ለማስተካከል ግዢ አያስፈልግም። በዩኒክስ ልማድ ከሲስተሙ ጋር የሚመጡ ሄደሮች «/ዩኤስአር/ኢንክሉድ» ውስጥ፣ አስተዳዳሪው የሚጨምራቸው ደግሞ «/ዩኤስአር/ሎካል/ኢንክሉድ» ውስጥ ይቀመጣሉ፤ በሊኑክስ ላይ ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ሁለተኛውን ቀድሞ ስለሚፈትሽ ተማሪው ምንም መጨመር የለበትም። ሁለት ስሪቶች ጎን ለጎን ከተፈለጉ ለየብቻ ዳይሬክተሪ ተሰጥቷቸው፣ ኮምፓይለሩ የት እንደሚፈልግ በሚነግረው «ማይነስ አይ» አማራጭ ይጠሩ። የዳይሬክተሪዎቹ ባለቤት ሩት (የሲስተሙ አስተዳዳሪ)፣ ፈቃዳቸው 755፣ የፋይሎቹ 644 ይሁን፤ ማለትም ሁሉም ያንብብ፣ የሚለውጠው ግን ሩት ብቻ ይሁን። ከጣጣ ለመገላገል ብለው 777 (ለሁሉም የመለወጥ ፈቃድ) የሚሰጡ ኃላፊዎች አሉ፤ ይህ ማንኛውም ተማሪ የሌላውን ሁሉ ፕሮግራም የሚለውጥበት በር መክፈት ነው። ሄደሮቹ በኤንኤፍኤስ (ፋይሎችን በኔትወርክ በማጋሪያ ዘዴ) ለሌሎች ማሽኖች የሚጋሩ ከሆነም ለንባብ ብቻ ይሁኑ።

«ሲፓዝ» የተባለውን፣ ሄደር የሚፈለግባቸውን ቦታዎች ለኮምፓይለሩ የሚነግረውን የአካባቢ ተለዋዋጭ (የሲስተም ቅንብር) ለሁሉም ተማሪ መሙላት ግን አልደግፍም። ፕሮጀክቱ እንዴት እንደሚተረጎም በሚዘረዝረው ሜክፋይል ላይ ስለማይታይ፣ እዚህ የሠራው ፕሮጀክት ኮምቦልቻ ሲወሰድ እንቢ ይላል፤ ምክንያቱንም ማንም በቀላሉ አያገኘውም።

የላቦራቶሪ ኃላፊዎች አስቀድመው የተማሪዎቹን ቅጂዎች እንዲያስነሱም አሳስባለሁ። በትእምርተ ጥቅስ የተጠራ ሄደር መጀመሪያ የሚፈለገው ጠሪው ፋይል ባለበት ዳይሬክተሪ ነውና፣ እዚያ የተረሳ አሮጌ ቅጂ አዲሱን የጋራ ቦታ ይቀድመዋል። ኮምፓይለሩ የሚከተለውን የፍለጋ ቅደም ተከተል ለማየት አንድ የሲ ፋይል ሲተረጎም ጂሲሲን በ«ማይነስ ቪ» አማራጭ ማስኬድ በቂ ነው፤ ዝርዝሩን ራሱ ያወጣዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የፕሮግራሚንግ መምህር፣ ከደሴ