ከሰሉ ሲደነቅ አመዱ አይረሳ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ጉዳዩ፦ ከተረፈ ምርት ስለሚሠራ ቀዳዳማ ካርቦን

ከእርሻና ከእንጨት ሥራ ተረፈ ምርት ስለሚሠራው ቀዳዳማ ካርቦን ሰሞኑን ጽሑፍ በማውጣታችሁ እናመሰግናለን። ጉዳዩ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ለሰፊው አንባቢ ሊደርስ የሚገባው ነው። ሆኖም «ገለፈት ባትሪን ሊተካ ነው» የሚለው አባባል አንባቢን ያሳስታል። ከዚህም በላይ ያሳሰበን ሳይነሣ የቀረው ነገር ነው። ካርቦኑ ከምን እንደተሠራ ተነግሯል፤ ስንት ኪሎ ኬሚካል እንደበላ፣ አመዱ የት እንደገባ፣ እንዴት እንደታጠበና የቀረበው ቁጥር በምን ክብደት ተካፍሎ እንደወጣ ግን አልተነገረም። አንድ ካርቦን ዘላቂ ነው አይደለም የሚባለው ደግሞ በእነዚህ ነው።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ጽሑፉ የገለጸው ዕቃ ባትሪ ሳይሆን ሱፐርካፓሲተር ነው። ሁለት የካርቦን ኤሌክትሮዶች ኤሌክትሮላይት በሚባል አዮን ያዘለ ፈሳሽ ውስጥ ተነክረው ቮልቴጅ ሲሰጣቸው አዮኖች፣ ማለትም ቻርጅ የተሸከሙ ቅንጣቶች፣ በቀዳዳዎቹ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ፤ ዕቃው ሲራገፍ ይላቀቃሉ። ኬሚካላዊ ለውጥ የለም ማለት ይቻላል። በሴኮንዶች የሚሞላውና ከመቶ ሺህ እስከ ሚሊዮን ጊዜ ተሞልቶ የሚራገፈው ለዚህ ነው። የሚይዘው ኃይል ግን ትንሽ ነው። በገበያ የተለመደውን ባለ 3000 ፋራድ (ፋራድ ቻርጅ የመያዝ አቅም መለኪያ ነው)፣ ባለ 2.7 ቮልት ሴል እንውሰድ። ቮልቴጁን በራሱ አባዝተን፣ በፋራዱ አባዝተን፣ ለሁለት ስናካፍል 10,900 ጁል ያህል፣ ማለትም ወደ 3 ዋት-ሰዓት እናገኛለን። ሴሉ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናልና በኪሎ 6 ዋት-ሰዓት ነው። የሊቲየም-አዮን ሴል በኪሎ ከ150 እስከ 250 ይይዛል። ስለዚህ ሱፐርካፓሲተር ተሽከርካሪ ፍሬን ሲይዝ የሚባክነውን ኃይል ለመቅለብ ወይም ድንገተኛ ጭነትን ለመሸከም ሁነኛ ዕቃ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ መብራት የሚያበራ ማጠራቀሚያ ግን አይሆንም።

ቀዳዳው የሚያስፈልገው አዮን የሚለጠፍበት ግድግዳ እንዲበዛ ነው። በደንብ የተሠራ 1 ግራም ዱቄት ከ1500 ካሬ ሜትር በላይ የውስጥ ገጽ ሊኖረው ይችላል። ከ2 ናኖሜትር የሚያንሱት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቻርጁን ይይዛሉ፤ ከ2 እስከ 50 ናኖሜትር ያሉት መካከለኛ ቀዳዳዎች ደግሞ አዮኑ ቶሎ የሚገባና የሚወጣበት መንገድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነ ምርምር እንዳሳየው፣ ከ1 ናኖሜትር በታች በሆኑ ቀዳዳዎች ውስጥ አዮኖች የከበባቸውን የአሟሚ ልባስ በከፊል አውልቀው ይገባሉ፤ ካፓሲታንሱም፣ ማለትም ቻርጅ የመያዝ አቅሙ፣ ይጨምራል። ቀደም ሲል እንዲህ ያለ ጠባብ ቀዳዳ ለአዮን አይመችም ይባል ነበር። ዋናው ነገር የቀዳዳው ልክ ከአዮኑ ልክ ጋር መግጠሙ ነው፤ የገጽ ስፋት ብቻውን ብዙ አይናገርም። ስፋቱ የሚለካው በ77 ኬልቪን ቅዝቃዜ የተለጠፈውን ናይትሮጅን በመቁጠር ነው። አንድ የግራፊን ንጣፍ፣ ማለትም ውፍረቱ አንድ አቶም ብቻ የሆነ የካርቦን ንጣፍ፣ ሁለቱም ፊቱ ተቆጥሮ በስሌት የሚኖረው ስፋት በግራም 2630 ካሬ ሜትር ነው። ከዚህ በብዙ የሚበልጥ ቁጥር ሲቀርብ፣ ናይትሮጅኑ በግድግዳው ላይ ተደርድሮ ሳይሆን ጠባቡን ቀዳዳ ሞልቶት እንደ ገጽ ተቆጥሮ ይሆናል ብሎ መጠርጠር ይገባል።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። ሰጋቱራ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወይም የኮኮናት ቅርፊት መጀመሪያ ይደርቅና አየር በሌለበት፣ በናይትሮጅን ፍሰት ሥር፣ በደቂቃ 5 ዲግሪ ያህል እየሞቀ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ይከስላል። ከደረቁ ክብደት አብዛኛውን ጊዜ ከሩብ እስከ ሲሶ ያህሉ ከሰል ሆኖ ይቀራል። ጥሬው እርጥብ ከሆነና ማድረቁ ነዳጅ የሚፈጅ ከሆነ፣ ከ180 እስከ 250 ዲግሪ ባለው ሙቅ ውሃ ውስጥ በዝግ የግፊት ዕቃ ማክሰል ይቻላል። በ200 ዲግሪ የእንፋሎቱ ግፊት ብቻ 15 ከባቢ አየር ያህል ይደርሳልና ዕቃውን ከሁለት ሦስተኛው በላይ መሙላት አደጋ አለው።

ቀጥሎ «አክቲቬሽን» የሚባለው ቀዳዳ የመክፈት ሥራ ይመጣል። ጽሑፋችሁ ያደነቀው የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ መንገድ እውነትም ሰፊ ገጽ ይሰጣል። ሂሳቡ ግን እንዲህ ነው። ለ1 ክፍል ከሰል 4 ክፍል ሃይድሮክሳይድ ተጨምሮ ከ700 እስከ 800 ዲግሪ ለ1 ሰዓት ይቆያል። ከከሰሉ ግማሹ ቢተርፍ፣ 1 ኪሎ ካርቦን ለማግኘት 2 ኪሎ ከሰልና 8 ኪሎ ሃይድሮክሳይድ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ያንን ሁሉ ለማጠብ የሚፈሰው አሲድና ውሃ ሳይቆጠር። ፖታሲየሙን ከእጣቢው መልሶ የሚሰበስብ ሥርዓት ከሌለ፣ ጥሬው ተረፈ ምርት ስለሆነ ብቻ ሥራው ለአካባቢ ይስማማል ማለት አይቻልም። ጥምርታውን ወደ 2 ለ1 ማውረድ ብዙ ጊዜ ገጹን ጥቂት ቢቀንሰውም ለኤሌክትሮድ የሚሆን ካርቦን ይሰጣል።

የዚህ መንገድ አደጋ ሊደበቅ አይገባም። ሃይድሮክሳይዱ ሲቀልጥ ይኮፈሳል፤ ክሩሲብሉ (ማቅለጫ ዕቃው) ከሲሶው በላይ ከተሞላ ገንፍሎ ምድጃውን ይበላል። ኳርትዝንና አሉሚናን ስለሚያጠቃ የኒኬል ዕቃ ይመረጣል። ከሁሉ የሚከፋው የሚፈጠረው የፖታሲየም ብረት ነው። ፖታሲየም በ759 ዲግሪ ይፈላል፤ በ800 ዲግሪ ሲሠራ ይተንና በቱቦው ቀዝቃዛ ጫፍ ላይ ብርማ ንጣፍ ሆኖ ይቀመጣል። ዱቄቱ ቀዝቅዟል ብሎ ቱቦውን ከፍቶ ውሃ ያስነካ ሰው እሳት ያስነሣል። ስለዚህ በናይትሮጅን ሥር እስከ ክፍል ሙቀት ድረስ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ናይትሮጅኑን በውሃ ውስጥ እያሳለፉ እርጥበት ያዘለ ጋዝ ቀስ በቀስ ለረጅም ሰዓት ማስገባት፣ የሚወጣውን ሃይድሮጅንም በጭስ ማውጫ ማስወገድ ያስፈልጋል። ቱቦው የሚከፈተው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያኔም ቢሆን የፊት መከላከያ ተደርጎ፣ ዱቄቱ በትንሽ በትንሹ እየተጨመረ ነው የሚታጠበው።

በእንፋሎት የሚደረገው አክቲቬሽን ይህ ሁሉ የለበትም። ከ850 እስከ 950 ዲግሪ ላይ የውሃ እንፋሎት ከካርቦኑ ጋር ተዋህዶ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ይወጣሉ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለው ገዳይ ጋዝ ስለሆነ ጋዙ መቃጠል አለበት፤ ሙቀቱን መልሶ ለምድጃው ማዋልም ይቻላል። ለሱፐርካፓሲተር የሚሸጠው የኮኮናት ቅርፊት ካርቦን በዋናነት የሚዘጋጀው በእንፋሎት ነው። በእኛ እምነት በስፋት ለማምረት ለሚያስብ ሰው መነሻው ይህ መሆን አለበት።

አመዱስ? የሩዝ ገለፈት ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶው አመድ ነው፤ አብዛኛው ሲሊካ፣ ማለትም የአሸዋ ዋና ማዕድን፣ ነው። ሲከስል ኦርጋኒኩ ክፍል ስለሚሄድ አመዱ የከሰሉን ግማሽ ያህል ሊይዝ ይችላል። ሲሊካ ቻርጅ አይዝም፤ ክብደት ብቻ ነው። ከሰሉን ከ1 እስከ 2 ሞላር በሆነ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ለመፍላት በተቃረበ ሙቀት ለሁለት ሰዓት ያህል ማቆየት ሲሊካውን ያሟሟዋል። እዚህ ላይ የሚሠራው የተለመደ ስህተት ቅደም ተከተሉን ማዛባት ነው። ሲሊካ ያለበት ዱቄት በፖታሲየም ከተዘጋጀ በኋላ ውሃ ሳይነካው በቀጥታ አሲድ ከፈሰሰበት፣ የሟሟው ሲሊኬት ወደ ዝልግልግ ጄል ይለወጣል፤ ማጣሪያውን ይደፍናል፣ አዲስ የተከፈቱትንም ቀዳዳዎች መልሶ ይዘጋል። መጀመሪያ በሙቅ ውሃ፣ ቀጥሎ በ1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ በመጨረሻ እንደገና በሙቅ የተጣራ ውሃ ነው የሚታጠበው።

መቼ ይበቃል? ብዙዎች ፒኤቹ (የአሲድነት ልኩ) 7 ሲሆን ያቆማሉ። ከማጣሪያው ሥር የወረደውን ጥርት ያለ ውሃ በትንሽ ብርጭቆ ቀድቶ አንድ ጠብታ ሲልቨር ናይትሬት ማንጠባጠብ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ፒኤቹ 7 ሆኖም ውሃው እንደ ወተት ጠብታ ነጣ ብሎ ከደፈረሰ፣ ክሎራይድ ገና ከጥቃቅኑ ቀዳዳ እየወጣ ነው ማለት ነው። ያ ክሎራይድ ሴሉ ውስጥ ሲገባ የአሉሚኒየም ፎይሉን ይበሳል። ጠብታው ምንም ሳያደፈርስ እስኪቀር ድረስ መታጠብ አለበት። የብረት ቅንጣትም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ በብረት ኳስ መፍጫ የተፈጨ ከሰል ከመፍጫው ብረት ይወስዳል። የብረት አዮን በሁለቱ ኤሌክትሮዶች መካከል እየተመላለሰ ቻርጁን ያፈሳል፤ ሴሉ ቀን ተሞልቶ ሲያድር ባዶውን ይገኛል።

ኤሌክትሮዱ ሲሠራ የተለመደው ድብልቅ 80 በመቶ ካርቦን፣ 10 በመቶ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ጥቁር ካርቦንና 10 በመቶ ማጣበቂያ ነው። ፍሎሪን ያለበትን ማጣበቂያ ለማሟሟት የሚያገለግለው ፈሳሽ ለጽንስ ጎጂ ነው፤ በውሃ የሚሟሟው የሴሉሎስ ማጣበቂያ ከዚህ ያሳርፋል፤ ለጥፉ ግን ቶሎ ከደረቀ ይሰነጣጠቃል። በኦርጋኒክ ኤሌክትሮላይት ለሚሠራ ሴል ኤሌክትሮዱ በቫክዩም በ120 ዲግሪ ቢያንስ 12 ሰዓት መድረቅ አለበት፤ የቀረ ውሃ በ2.7 ቮልት ተበትኖ ጋዝ ይሆንና ሴሉን ያሳብጠዋል።

ቁጥሩ ላይ ስንደርስ ነው አንባቢ በብዛት የሚሳሳተው። «በግራም 200 ፋራድ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ኤሌክትሮድ ነው። ሁለት እኩል ኤሌክትሮዶች በተከታታይ ሲገናኙ ካፓሲታንሱ በግማሽ ይቀንሳል፣ ክብደቱ ደግሞ እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ለሴሉ ካርቦን በግራም 50 ፋራድ ብቻ ይቀራል። ይህ 200 በውሃ ኤሌክትሮላይት በ1 ቮልት የተለካ ከሆነ ኃይሉ በካርቦኑ ኪሎ 7 ዋት-ሰዓት ያህል ነው። በኦርጋኒክ ኤሌክትሮላይት በግራም 100 ፋራድ ብቻ ያለው ካርቦን ግን በ2.7 ቮልት 25 ይደርሳል። በተዘጋጀ ሴል ውስጥ ካርቦኑ ከክብደቱ ሲሶ ያህል ስለሆነ ሁለቱም ገና ለ3 ይካፈላሉ። ተመራማሪዎቹ ጎጎትሲና ሲሞን እ.ኤ.አ. በ2011 ያስጠነቀቁትም ይህንኑ ነበር፤ በካሬ ሴንቲሜትር 1 ሚሊግራም ብቻ በተቀባ ስስ ኤሌክትሮድ የተገኘ ውጤት፣ 10 ሚሊግራም ያህል ለሚሸከመው የገበያ ኤሌክትሮድ አይሠራም። ጥግግቱም ይጠየቅ። በግራም 300 ፋራድ ይዞ በኩብ ሴንቲሜትር 0.3 ግራም ብቻ የሚመዝን ኤሌክትሮድ በኩብ ሴንቲሜትር 90 ፋራድ ይሰጣል፤ 180 ይዞ 0.6 ግራም የሚመዝነው ግን 108 ይሰጣል። ዕድሜውን ለማወቅ ደግሞ 10,000 ጊዜ ሞልቶ ከማራገፍ ይልቅ ሴሉን በሙሉ ቮልቴጁ፣ በ65 ዲግሪ ሙቀት፣ 1000 ሰዓት ያህል አቆይቶ ካፓሲታንሱ 20 በመቶ መቀነሱን ወይም ውስጣዊ ተቃውሞው እጥፍ መሆኑን ማየት ይበልጣል።

ተረፈ ምርትን ከእውነተኛ ባትሪ ጋር የሚያገናኘው መንገድ ሌላ ነው፤ ጋዜጣችሁ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ቢሰጠው እንወዳለን። ለሶዲየም-አዮን ባትሪ አሉታዊ ኤሌክትሮድ የሚሆነው «ሃርድ ካርቦን» ከዚያው ከሰጋቱራ ሊሠራ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2000 ተመራማሪዎቹ ስቲቨንስና ዳን ከግሉኮስ በሠሩት ካርቦን በግራም 300 ሚሊአምፒር-ሰዓት ያህል ቻርጅ አግኝተዋል። እዚህ ግን ከላይ የተባለው ሁሉ ይገለበጣል፦ አክቲቬሽን የለም፣ ሙቀቱ ከ1200 እስከ 1400 ዲግሪ ነው፣ ቀዳዳውም ከውስጥ ሆኖ አፉ የተዘጋ መሆን አለበት። አፉ ክፍት ከሆነ ኤሌክትሮላይቱ ይገባና በግድግዳው ሁሉ ላይ ተበላሽቶ ሽፋን ይሠራል፤ በመጀመሪያው ሙሌት የገባው ሶዲየም ትልቁ ክፍል እዚያው ተይዞ ይቀራል። ለዚህ ሥራ ክፍት ገጹ በግራም ከ10 ካሬ ሜትር በታች እንዲሆን ይፈለጋል። ለሱፐርካፓሲተር 1500 የሚያስመሰግነው ዱቄት ለሶዲየም ባትሪ አይረባም።

ከአክብሮት ጋር
በካርቦን ኤሌክትሮድ ሥራ ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ