ለሊቀመንበሯ፣ ከፍሎሪዳ መልስ

ሊቀመንበር፣

እንዴት ነሽልኝ? አለሁ። አልሞትኩም፣ አልታሰርኩም፣ ሀብታምም አልሆንኩም። እኔ ለምን እንደጠፋሁ ታውቂያለሽ፤ አንቺ ለምን እንደጠፋሽም አውቃለሁ። ይቅርታዬን እዚሁ መስመር ላይ ተቀበይኝና እንለፈው። ስድቡን በአካል ስንገናኝ ታወርጂብኛለሽ፣ ቡናውን እኔ እችላለሁ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ባይቸግረኝ ዛሬም አልጽፍልሽም ነበር። ቸገረኝ።

ጉዳዩ ሚሚ ናት። አስር ዓመት ሞላት እኮ! ብታዪያት አታውቂያትም። ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል፣ በምላስ ግን ከበለጠችኝ ቆየች። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ቅጽ አለ። ሁሉም ነገር ተሞልቷል፣ በእሷ በራሷ የእጅ ጽሑፍ። "የወላጅ ፊርማ" የሚለው ቦታ ብቻ ባዶ ነው። እስክሪብቶ ሳይቀር አጠገቡ አስቀምጣልኛለች። ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር እኔ ቅጹን አያለሁ፣ እሷ እኔን ታያለች።

ቆይ፣ ከሥሩ ልጀምርልሽ፣ አለዚያ አይገባሽም። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ፣ እንዳትደናገሪ።

ትምህርት እንደተዘጋ ጓዛችንን ጠቅልለን በመኪና ፍሎሪዳ ወረድን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሚሚ፣ ማሙሽና እማዬ። አዎ፣ እማዬ! ያቺ ሶደሬ ላይ እግሯን እንኳን አልነክርም ብላ ቀኑን ሙሉ ዕቃ ስትጠብቅልን የዋለችው እማዬ። ሚሚ ሮኬት ፈለገች፣ ማሙሽ አሸዋ፣ ባለቤቴ እንቅልፍ። የኬፕ ካናቬራል አካባቢ ጥሩነቱ ሁሉም ጎን ለጎን መሆኑ ነው። ጠዋት ኬኔዲ የጠፈር ማዕከል ትውያለሽ፣ ወደ ማታ ኮኮዋ ቢች ላይ እግርሽን አሸዋ ውስጥ ትቀብሪያለሽ። አገሬው ከሮኬት ጋር ከመዋደዱ የተነሳ የስልክ መለያ ቁጥሩ ራሱ 321 ነው። ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ! ይሄን የነገረችን ሚሚ ናት፣ ሌላ ማን ሊሆን።

ባሕሩን ላስቀድምልሽ፣ እሱ አጭር ነው። እማዬ ነጠላዋን ተከናንባ ጃንጥላ ሥር ተቀመጠች። ዙሪያዋን ያለው ሰው ሁሉ ራቁቱን ነው ማለት ይቻላል። አንዴ ቀና ብላ አየችና "እነዚህን ሰዎች ልብሳቸውን ማን ወሰደባቸው?" አለች። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን ዘጋችው። በማግስቱ ግን ቀሚሷን ወደ ጉልበቷ ሰብስባ ውሃው ዳር ቆማ አየኋት። ማዕበሉ ሲመጣ ትሸሻለች፣ ሲመለስ ትከተለዋለች። ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ባዶ ሃይላንድ ፈልጋ የባሕር ውሃ ሞላችበት። ክዳኑን አጥብቃ፣ በፌስታል ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ለቁርጥማቷ ነው አሉ። እቤት ድረስ ይዛው መጥታለች። ማታ ማታ ጉልበቷን ታሽበታለች፣ አሻለኝ ትላለች። እኔ ምን ቸገረኝ።

ማሙሽ ጉድጓድ ቆፈረ። ሌላ ምንም አልሠራም። ራሱን የሚውጥ ጉድጓድ። ሲመሽ ድፈኑት ተባልን። በዚህ ወቅት የባሕር ኤሊዎች ሌሊት እየወጡ አሸዋ ውስጥ እንቁላል ይጥላሉ፤ ጉድጓድ ውስጥ ከገቡ መውጣት ያቅታቸዋል። መብራትም ማብራት አይፈቀድም። የሚፈለፈሉት ትንንሾቹ ወደ ባሕሩ የሚሄዱት ደመቅ ያለውን አቅጣጫ እያዩ ስለሆነ የሆቴል መብራትና የስልክ ባትሪ ያሳስታቸዋል። ማሙሽ ጉድጓዱን ሲደፍን አለቀሰ። ኤሊዋ ልትወድቅ የነበረው እሱ ጉድጓድ ውስጥ እንደሆነ ሲገባው ደግሞ ባሰበት።

አንቺም አንድ ቀን ልጆችሽን ይዘሽ ከሄድሽ መጀመሪያ ባንዲራውን እዪ። አረንጓዴ ሰላም ነው። ቢጫ ተጠንቀቁ፣ ቀይ አደገኛ ነው። ሁለት ቀይ ከተሰቀለ ባሕሩ ዝግ ነው። ሐምራዊ ካየሽ ጄሊፊሽና የመሳሰሉት አሉ ማለት ነው። ከዳር ወደ ውስጥ የሚጎትት ውሃ ከያዘሽ ፊት ለፊት አትታገይው፣ ያደክምሻል። በዳርቻው ትይዩ ወደ ጎን ዋኝተሽ ከጉተታው ከወጣሽ በኋላ ነው ወደ መሬት የምትመለሺው። ባለቤቴ ይሄን ሲደግምልን ከረመ። እሱ ራሱ ግን ከወገቡ በላይ አልገባም።

አሁን ወደ ችግሬ።

የጠፈር ማዕከሉ ውስጥ አትላንቲስ የምትባል የጠፈር መንኮራኩር አለች። መጀመሪያ ጨለማ አዳራሽ አስገብተው ፊልም ያሳዩሻል። ፊልሙ ሲያልቅ መጋረጃው ይነሳና መንኮራኩሯ ራሷ ፊትሽ ናት። ሞዴል አይደለችም። 33 ጊዜ ጠፈር ደርሳ የተመለሰች፣ በ2011 የመጨረሻውን በረራ ያደረገች እውነተኛዋ ናት። 43.21 ዲግሪ አጋድለው ነው የሰቀሏት። አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። እነዚህ ሰዎች ቁልቁል መቁጠር ሲወዱ! ሥሯ ገብተሽ ቀና ስትዪ ሆዷ በጥቁር ታይል ተሸፍኗል፤ እያንዳንዱ ታይል የራሱ ቁጥር ተጽፎበታል። ስትመለስ ከአየሩ የሚመጣባትን እሳት የሚችሉላት እነሱ ናቸው። ሚሚ አፏን ከፍታ ቆመች። ማሙሽ እዚያው ያለው ሸርተቴ ላይ ቀረ። ለእሱ ጠፈር ማለት ሸርተቴ ነው።

ከሥሯ ደግሞ ደብዘዝ ያለ ኮሪደር አለ። እኔ ባናየው ደስ ይለኝ ነበር። በ1986 ቻሌንጀር፣ በ2003 ኮሎምቢያ በተባሉት መንኮራኩሮች ላይ የሞቱት የ14ቱ ሰዎች መታሰቢያ ነው። ለእያንዳንዳቸው ቦታ አላቸው፣ ከየቤታቸው የመጣ ዕቃ ተቀምጦላቸዋል። የኮሎምቢያው አዛዥ ሪክ ኸዝባንድ የካውቦይ ቡት ሳይቀር አለ። ወደ መጨረሻው ባንዲራ ያለበት የቻሌንጀር የጎን ቁራጭና የኮሎምቢያ የፊት መስኮት ፍሬሞች ታያለሽ። መስታወት የለባቸውም።

ሚሚ ክሪስታ ማክኦሊፍ ጋ ስትደርስ ቆመች። ታስታውሺያታለሽ፣ መምህርቷ። ከ11,000 በላይ አመልካች መምህራን መካከል የተመረጠችው። መንኮራኩሯ በተነሳች በ73 ሰከንድ ተበታተነች። እናትና አባቷ እዚያው ቆመው ሽቅብ ያዩ ነበር።

"ማሚ፣ እናቷ ፈቅዳላት ነበር?" አለችኝ።

"ትልቅ ሰው እኮ ናት፤ 37 ዓመቷ ነበር። ፈቃድ አያስፈልጋትም" አልኳት።

"እሺ እኔ 37 ሲሞላኝ አንቺ ትፈቅጅልኛለሽ?"

ምን ልበል? እማዬ ደርሳ አዳነችኝ። "በ37 ዓመትሽ ካልወለድሽ እኔ ነኝ የማልፈቅድልሽ" አለቻት። ሳቅን። ሚሚ አልሳቀችም። መኪና ውስጥ ከገባን በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ "ተጠባባቂዋ እኮ ሄዳለች" አለች። ባርባራ ሞርጋንን ማለቷ ነው። እሷም መምህርት ናት፣ የክሪስታ ምትክ ሆና አብራት የሰለጠነች። 21 ዓመት ጠብቃ በ2007 ኢንዴቨር በተባለችው መንኮራኩር ወጣች። "ደህና ተመልሳለች" ብላ መስኮቱን ማየት ጀመረች። ከአስር ዓመት ልጅ ጋር መከራከር አልችልም አንቺ። ዶክመንት ይዛ ነው የምትመጣው።

ሮኬት ሲተኮስም አይተናል። የመጀመሪያው ማታ ተሰረዘ፣ ደመና ነው ተባለ። እማዬ "ይሄን ሁሉ ሠርተው ደመና ይፈራሉ?" አለች። ሚሚ አስረዳቻት፤ በ1969 አፖሎ 12 ሲነሳ መብረቅ ሁለቴ መቶታል፣ ከዚያ ወዲህ ነገሩን በዋዛ አያዩትም። እማዬ ቀጠለች፦ "እሺ፣ ለምን ባሕር ዳር አመጡት?" መሬት ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር ወደዚያ ሲተኩሱት ፍጥነቷን ይበደራል። እዚያ አካባቢ መሬት በሰዓት 1,470 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሮጣለች። ወደ ምድር ወገብ በቀረብሽ መጠን ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ላይ 1,650 ይደርሳል። ሚሚ ይሄን ስትሰማ "ታዲያ ኢትዮጵያ ትሻላለች!" ብላ ጮኸች። እማዬ ራሷን ነቀነቀች። "ቢወድቅስ? በማን ጎጆ ላይ ሊያርፍ?" አየሽ፣ ባሕር ዳር ያመጡት ለዚሁ ነው። ሴትየዋ ናሳ የደረሰበት በራሷ መንገድ ደረሰች።

በማግስቱ ማታ አሸዋው ላይ ቆመን ጠበቅን። መጀመሪያ በስተ ሰሜን ሰማዩ ብርቱካናማ ሆነ። ከዚያ እሳቱ ወጣ፣ ባሕሩ ላይ ሳይቀር በራ። ድምፅ የለም። ምንም። እማዬ "እሳቱን አየነው፣ ድምፁ የት ቀረ?" አለች። ሚሚ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ "እሽ!" አለቻትና በሹክሹክታ መቁጠር ጀመረች። ስልሳን አለፈች። ያኔ ድምፁ እንደኔ ደብዳቤ ዘግይቶ መጣ፤ ግን መጣ። ጆሮሽን አይደለም የሚመታው፣ ደረትሽን ነው። ማሙሽ እግሬ ላይ ተጠመጠመ። ሚሚ የቆጠረችውን ለሦስት አካፍላ "21 ኪሎ ሜትር!" ብላ ዘለለች። ትክክል ናት፣ በካርታ አየሁት።

የሮኬቱ የታችኛው ክፍል ተመልሶ ውቅያኖስ ላይ የምትጠብቀው መርከብ ላይ ቀጥ ብሎ እንደሚያርፍ ሚሚ ስትነግራት እማዬ ማማተቧን አቆመች። "ይመለሳል?" አለች። "የሚመለስ ከሆነማ ይሂድ።"

እንግዲህ ቅጹ። አላባማ፣ ሀንትስቪል ውስጥ ስፔስ ካምፕ የሚባል አለ። ከ1982 ጀምሮ ልጆች የሚያሰለጥኑበት ነው። ከእኛ አራት ሰዓት ያህል የመኪና መንገድ ነው። ስድስት ቀን፣ ከነአዳሩ። በሁሉም አቅጣጫ የሚሽከረከር ወንበር ላይ ያስቀምጧቸዋል፣ ጨረቃ ላይ እንዴት እንደሚራመዱ ያለማምዷቸዋል፣ የውሸት ተልእኮ ያስመሯቸዋል። እዚያ ሰልጥና በ2010 እውነተኛ ጠፈር የሄደች ዶቲ ሜትካፍ-ሊንደንበርገር የምትባል ሴት እንዳለች ሚሚ ማስታወሻ ላይ ጽፋ ፍሪጁ ላይ ለጥፋልኛለች። እሷም መምህርት ናት። እነዚህ መምህራን ምን ነካቸው?

ባለቤቴ ይስቅብኛል። "ልጅቷ እኮ ከመሬት አንድ ሜትር አትነሳም" ይለኛል። እውነቱን ነው። ለሰው ስናገር ደግሞ "እማዬ ሴት ልጅ ውጭ አታድርም አለች" እላለሁ። ብላለችም። ግን እማዬ ሰበብ ናት። አላባማም ሰበብ ናት። እኔ ይሄን ከፈረምኩ ቀጣዩን የምከለክልበት አፍ የለኝም። አንዱን በር ከፍቼ ሌላውን ልዘጋ ነው? ደግሞ እኮ ደስ ብሎኛል! ያን ማታ ስትቆጥር ብታያት... ምን ልበልሽ። ኩራቱም ፍርሃቱም አንድ ላይ መጥቶ ነው መተኛት የከለከለኝ። ለባለቤቴ እንኳን እንዲህ አላልኩትም።

ለዚህ ነው አንቺ ትዝ ያልሽኝ። አንቺ በ13 ዓመትሽ አዳሪ ትምህርት ቤት ስትሄጂ አውቶቡስ ተራ ሸኝተንሽ ነበር። እናትሽ አላለቀሱም። የበሶውን ቆርቆሮ በመስኮት አቀበሉሽ፣ "ክዳኑን በደንብ ግጠሚው" አሉ፣ በቃ። ያለቀስኩት እኔ ነኝ። አንቺም እየሳቅሽ ሄድሽ፣ አረመኔ። እስከ ዛሬ አልገባኝም። እንዴት ቻሉት? ደግሞ ያኔ ስልክ የለ፣ ደብዳቤ በወር።

እና እባክሽ እናትሽን ጠይቂልኝ። እንዴት ፈቀዱ አይደለም ጥያቄዬ። ያን ቀን ማታ እቤት ከገቡ በኋላ ምን አደረጉ? እሱን ነው ማወቅ የምፈልገው። ሞኝ ጥያቄ ነው ካሉ፣ ሞኝ ናት በያቸው፣ ያውቁኛል።

ቅጹ የሚመለሰው እስከ ሰኞ ነው። ቅዳሜ ማታ በእናንተ ሦስት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። እናትሽ አጠገብሽ ይሁኑ፣ ቀድመው እንዳይተኙብኝ። ሚሚ ስልኩን ልትቀማኝ ትችላለች፤ "ያቺ በ13 ዓመቷ የሄደችዋ ጓደኛሽ" እያለች ስለ አንቺ ስትጠይቀኝ ነው የሰነበተችው። የምትነግሪያትን አስቢበት። በእኔ በኩል ሁኚ አልልሽም፣ በየትኛው በኩል እንዳለሁ እኔም አላውቀውም።

ስልኩን ካላነሳሽ ግን፣ ወዮልሽ።

ጸሐፊሽ