ግልጽ ደብዳቤ፦ አፈር ሁሉንም ዘር አያቆይልንም

ይድረስ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

የዱር አበባ ያለበት ሜዳ ሊቆፈር ሲል ሁሌ የምሰማው መልስ አለ። «ዘሩ አፈር ውስጥ አለ፤ ቦታው ሲለቀቅ ተመልሶ ይበቅላል» ይባላል። ፈቃድም በዚህ ተማምኖ ይሰጣል። ነገሩ ግማሹ እውነት ነው፤ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው።

እውነቱን ላስቀድም። እ.ኤ.አ. በ1879 ዊልያም ቢል የተባለ አሜሪካዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ከ20 በላይ ዓይነት ዘሮችን ከአሸዋ ጋር ቀላቀለ። ከዚያ በ20 ጠርሙሶች ሞልቶ ሚሺጋን ውስጥ ቀበራቸው። ተተኪዎቹ እስከ ዛሬ ጊዜ እየጠበቁ አንድ አንድ ጠርሙስ ያወጣሉ። በ2021 ሲቆፍሩ ሌሊት ነበር፤ ለብዙ ዘር ብርሃን «ተነሥ» እንደማለት ነውና። ከ140 ዓመት በላይ ከተቀበረው ጠርሙስ የአህያ ጆሮ ከምንለው ተክል ወገን የሆነው በቀለ። ይህን ሳነብ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ግን ከዚያ ወገን በቀር ሌላ የበቀለ ዘር አልነበረም።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ደቃቅና ክብ ዘር በአፈር ስንጥቅ ሾልኮ ይገባል፣ ጨለማ ውስጥም ይተኛል። ትልቁ ወይም ጠፍጣፋው ላይ ላዩን ይቀራል፤ ወይ ይበቅላል፣ ወይ አይጥ ይበላዋል፣ ወይ ይበሰብሳል። የእርሻ አረሞች መጠበቅ ያውቁበታል። መሬቱ ተገልብጦ ብርሃን እስኪያገኙ ድረስ ብዙዎቹ ለዓመታት ይቆያሉ። በነባር ሜዳ የሚኖሩት ብዙዎቹ አበቦች ግን ተክሉ ራሱ ነው ዕድሜው የሚረዝመው። ዘራቸው አፈር ውስጥ ከጥቂት ዓመት አያልፍም።

ብርቅዬ ሲሆኑ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ቁጥር ነው። በየዓመቱ ግማሹ ዘር ይሞታል እንበል። አንድ ሚሊዮን ዘር የጣለ የተለመደ ተክል ከ10 ዓመት በኋላ ወደ 1,000 ገደማ ይቀረዋል። 1,000 ብቻ የጣለው ብርቅዬ ግን አንድ ይቀረዋል። ዕድሜያቸው እኩል ሆኖ እንኳ ማለት ነው።

እኔም በትንሹ ሞክሬዋለሁ። ከአበባ ሜዳ ሥር አንድ ሰሃን አፈር ወስጄ ትሪ ላይ ስስ አድርጌ ዘረጋሁ፤ በየቀኑ አጠጣሁ። በሳምንቱ ወጣ ወጣ አለ። ቡቃያውን አንድ በአንድ እየነቀልኩ ቆጠርኩ። ከሞላ ጎደል አረም ነው። ከላይ ሲያብቡ ካየኋቸው አንዱም አልወጣም።

ሁሉም ብርቅዬ ዘሩ ቶሎ ይሞታል ማለቴ አይደለም። በእንግሊዝ ኖርፎክ የተደፈኑ ኩሬዎች መልሰው ሲከፈቱ፣ ከመቶ ዓመት በላይ በጭቃ ውስጥ የቆዩ የውኃ ተክሎች በቅለዋል። ስለዚህ በጅምላ መፍረድ አይቻልም፤ ቦታውን መመርመር ይጠይቃል።

እባክዎ ፈቃድ ከመስጠትዎ በፊት የአፈሩ ናሙና ይብቀልና ይታይ። ምርመራው ወራት ቢወስድ ይውሰድ። በናሙናው የማይገኙት አበቦች ዘራቸው ከተክሉ ላይ ይለቀም፤ ዘሩ ከጎመራ በኋላ፣ ግን ሳይበተንና ሣሩም ሳይታጨድ። የላይኛው አፈር የግድ የሚነሣ ከሆነ ደግሞ ለየብቻ፣ በዝቅተኛ ክምር ይቀመጥ፤ ብዙም ሳይቆይ ወደ ቦታው ይመለስ። በዚህ ዓመት ለቁፋሮ የተፈቀዱ ሜዳዎች ካሉ ከእነሱ ይጀመርልን።

ከአክብሮት ጋር