የረጋ ሁሉ ታጋሽ አይደለም

ውድ አዘጋጅ፣

በጭንቅ ሰዓት ያልጮኸውን ሁሉ «ታጋሽ» ማለታችሁ አልተዋጠልኝም። ትዕግሥት ጊዜ ይፈልጋል፤ ታጋሽ የሚባለው ሕመሙንም የሰውንም ጠባይ ለረጅም ጊዜ የሚችል ነው። እርጋታ ሌላ ነው። አንዲት ነርስ ደም የሚፈሰውን ቁስል በአንድ እጇ ጫን አድርጋ ይዛ፣ በሌላው ፋሻ እየፈታች፣ ለሚንቀጠቀጠው ልጅ «አይዞህ፣ እኔን እየኝ» ስትለው ያ እርጋታ ነው፤ ለመታገሥማ ጊዜው የት አለ? ሆደ ሰፊው ደግሞ ሲሰድቡት ያልፋል፣ አደጋ ሲመጣ ግን እሱም ሊርበተበት ይችላል። እኔ አብልጬ የምወደው ስክነትን ነው። የደፈረሰ ውሃ ሲሰክን ጭቃው ወደ ታች ይወርዳል እንጂ አይጠፋም፤ የሰከነ ሰውም ፍርሃቱ አለ፣ ግን አያዝዘውም። ደንግጦ የደረቀውንማ እባካችሁ «ተረጋግቷል» አትበሉት።

አክባሪያችሁ