«የክረምት ጎማ» የተሠራው ለጎንደር ክረምት አይደለም

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ክረምቱ እየገባ በመሆኑ ብዙ አሽከርካሪ ጎማ ለመቀየር የሚነሣበት ጊዜ ነው። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝም ባለፈው ወር እዚሁ ጎንደር ለቤት መኪናዬ ጎማ ልገዛ ወጥቼ ያጋጠመኝ ነገር ነው። ሻጩ ከውጭ ከገባ መኪና ላይ የተፈቱ አራት ጎማዎችን አውርዶ ፊቴ ደረደረና «ጋሼ፣ እነዚህ የክረምት ጎማዎች ናቸው፤ ዝናቡን ያለ ሐሳብ ያሳልፉዎታል» አለኝ። ጥርሳቸው ጥልቅ ነው፤ በእያንዳንዱ ጥርስ ላይም በምላጭ የተተለተለ የሚመስል ቀጭን ሥንጥቅ ተሰድሮበታል። በጎናቸው ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ፣ በተራራውም መካከል የበረዶ ቅንጣት ተቀርጿል።

ሻጩ የዋሸኝ አይመስለኝም፤ ያሳሳተው ስሙ ነው። እኛ ክረምት የምንለው የዝናቡን ወቅት ሲሆን፣ ያንን ጎማ የሠሩት ሰዎች ግን ክረምት ሲሉ በረዶ አስፋልቱን የሚሸፍንበትን የብርድ ወራት ማለታቸው ነው። ወንድሜ የሚኖርባት ሞንትሪያል በምትገኝበት በኩቤክ፣ ከታኅሣሥ መጀመሪያ እስከ መጋቢት አጋማሽ፣ በእነርሱ አቆጣጠር፣ ማንም የቤት መኪና ያለዚህ ጎማ እንዳይንቀሳቀስ በሕግ ተደንግጓል። የተለመደው ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሲወርድ እየደረቀ መሬት መያዝ ያቅተዋል፤ ይኸኛው ግን በዚያ ብርድም ለስላሳ ሆኖ እንዲቆይ የተቀመመ ነው፤ ቀጫጭኖቹ ሥንጥቆችም በረዶውን ቆንጥጠው ይይዛሉ። ወንድሜ ብርዱ ሲያልፍ አራቱንም አስፈትቶ ያስቀምጣቸዋል፤ በሞቃት አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃሉና፣ ፍሬን ሲያዝም ጥርሱ ስለሚልፈሰፈስ መኪናው ራቅ ብሎ ነው የሚቆመው።

የእኛን አገር አየር ከዚህ ጋር ላስተያይ። በጎንደር ብርድ የሚጠናው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ደባርቅና አምባ ጊዮርጊስ ላይ ማለዳ ውርጭ ሣሩን ያነጣዋል፤ አስፋልቱ ግን በዚያ ወቅት ደረቅ ነው። መንገዱ የሚርሰው በሐምሌና በነሐሴ ሲሆን፣ ያኔ ደግሞ የቀኑ ሙቀት 20 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ብርዳችን ዝናብ የለውም፣ ዝናባችንም እንዲህ ያለ ብርድ የለውም። ይህ ጎማ ለሁለቱም አልተሠራም። ከዚህም በላይ የጎንደር አሽከርካሪ ዛሬ ወደ ደባርቅ ቢወጣ ነገ ወደ መተማ ቆላ ይወርዳል።

እኔ ይህን የተማርኩት በወጪና በድንጋጤ ነው። መኪናዬን የገዛሁት ይኸው ምልክት ባለበት ጎማ ሲሆን፣ ጎማው ምን እንደሆነ ሳላውቅ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል መተማ ተመላልሼበታለሁ፤ ጥርሱ ሟሙቶ ሊሾ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። በነሐሴ ከደባርቅ ስመለስ ኮሶዬ ላይ ከጉሙ ውስጥ በጎች ብቅ ሲሉ ፍሬን ያዝኩ፤ መኪናው ግን መሪውን አልሰማ ብሎ ተንሸራተተና የቀኝ የፊት ጎማው ከመንገዱ ዳር ጭቃ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ከኋላ ልጆቼ ነበሩ።

ሌላው ከዚህ የማይተናነስ ስሕተት የዘመን ቆጠራ ነው። በጎማ ጎን ላይ ከሚጻፉት ቁጥሮች የመጨረሻዎቹ አራቱ የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ። ሻጩ ያሳየኝ ጎማ 3518 ይላል። እርሱም «18 ነው፣ የዘንድሮ ነው» አለኝ። ቁጥሩ ግን በአውሮፓ አቆጣጠር የ2018 35ኛ ሳምንት፣ ማለትም በእኛ የነሐሴ 2010 ማብቂያ ነው። ስምንት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን ጎማ እንደ አዲስ ሊሸጥልኝ ነበር፤ ለስላሳነቱም ቢሆን በዕድሜ ደርቆ ጥርሱ ሥር መሰነጣጠቅ ጀምሯል። አንዳንድ አምራቾች ጎማ አምስት ዓመት ከሞላው በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከ10 ዓመት በላይ ደግሞ እንዳይነዳበት ይመክራሉ።

ስለዚህ ዘንድሮ ጎማ የምትገዙ ወገኖቼ፣ የተራራውና የበረዶው ምልክት ካለበት ለጎንደር አትግዙት። «ኤም» እና «ኤስ» የሚሉት ፊደላት ብቻቸውን ካሉ አምራቹ ራሱ ጭቃና በረዶ ይችላል ሲል ያተመው እንጂ በፈተና የተረጋገጠ አይደለም። ለዝናባችን የሚያስፈልገው ውኃውን ወደ ጎን የሚያወጣ ጥልቅ ቦይ ያለው፣ ዕድሜው ያልገፋ የተለመደ ጎማ፣ ንፋሱም በልኩ የተሞላ ነው። ጎሚስታዎቻችን ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ለውጠው ለገዢው ቢነግሩ ምንም አያወጡም። ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ የሚያደርጉ ባለሙያዎችም ከጥርሱ ጥልቀት ጋር የምርት ዘመኑን እንዲመለከቱ በትሕትና እጠይቃለሁ። ስሙንም ብናስተካክለው መልካም ነው፤ «የበረዶ ጎማ» እንዳንለው በእኛ አገር በረዶ የሚወርደው ከክረምቱ ዝናብ ጋር ነውና ያው ስሕተት ይመለሳል። «የብርድ ጎማ» ቢባል ግን ገዢው ስሙን ሲሰማ ለየትኛው አገር እንደተሠራ ይገባዋል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ አሽከርካሪ፣ ከጎንደር